ጣና ዳር የቅዳሜ ጽዳት፦ ከአምስት አራት ኮከብ

እዚህ ባሕር ዳር ወጣቶች ተሰባስበው በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ጠዋት የሐይቁን ዳር ያጸዳሉ። ሁለቴ ሄጃለሁ። ለመሄድ ለምታስቡ ያየሁትን ልንገራችሁ።

«በጎ ፈቃድ» ሲባል እኔ የምሰማው «ዘመቻ» ነው። በ1967 ዓ.ም. እድገት በኅብረት ከዘመትነው ወደ 60,000 ከምንጠጋ ተማሪዎችና መምህራን አንዱ ነበርኩ፤ ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። ትሄዳለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ ያልዘመተ ትምህርቱን አይቀጥልም። ፊደል ማስቆጠሩን ወድጄው ነበር፣ አልዋሽም። ኋላ ግን የቀበሌው የእሁድ ጽዳት መጣ፤ ስም ይጠራል፣ የቀረ ከኅብረት ሱቅ ስኳር ሲጠይቅ ፊት ይነሣል። በ1983 ደርግ ሲወድቅ መጥረጊያዬን ጥዬ «ከእንግዲህ ለማንም አልጠርግም» አልኩ። የዕድር ድንኳን መትከሉን፣ ወንፈል መውጣቱን ግን አንድም ቀን አላቆምኩም። እሱን ከዚህ ጋር ቆጥሬው አላውቅማ!

የመጀመሪያው ቅዳሜ አስተባባሪዋ ልጅ ጓንት እየሰጠችኝ «ጋሼ፣ ሲደክምዎት ይረፉ፤ መሄድ ከፈለጉም ጓንቱን እዚህ ጣል አድርገውልን ይሂዱ» አለችኝ። አላመንኳትም። ለሙከራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጓንቴን አውልቄ ቡና ልጠጣ ሄድኩ። የጠራኝ የለም። ሁለተኛውን ስኒ ሳልጨርስ ተመለስኩና እስከ አራት ሰዓት ሠራሁ።

ሥራው ከሩቅ እንደሚታየው አይደለም። ፌስታሉ ደንገሉ ላይ ተጠምጥሞ ጭቃ ውስጥ ተቀብሯል፤ ስትጎትቱት ደንገሉ አብሮ ይሰበራል። አንድ ታንኳ ቀዛፊ ይህን አይቶ ጮኸብን፤ ታንኳው የሚሠራው ከዚሁ ደንገል ነው። በመቀስ እየቆረጥን በቀስታ እንድንፈታው አሳየን፣ ከዚያ እኛ የማንደርስበትን በውሃው በኩል ዞሮ ለቀመልን። የሃይላንዱን ጠርሙስ ለቆራሌ ሸጠው ጓንት ይገዙበታል። ጥሩ ዘዴ ነው።

ጉድለት አላቸው። መጀመሪያ ቀን ለጠማን ያደሉን ውሃ በምን ነበር ብትሉ፣ በሃይላንድ! ሳቅኩ፣ ተናገርኳቸውም። በሁለተኛው ጀሪካንና ኩባያ አመጡ፤ ስለዚህ ይቅር ብያለሁ።

አንዷን ኮከብ የቀነስኩት በአቴንዳንሱ ነው። ለሰርተፊኬት ነው አሉ፤ ስም፣ ስልክ፣ ቀበሌ። «ቀበሌ» የምትለዋን ሳይ እጄ እስክሪብቶውን መለሰ። ልጅቱ ግራ ገብቷት «ጋሼ፣ ሰርተፊኬት አይፈልጉም?» አለች። ኧረ በናትሽ፣ በስልሳ ስምንት ዓመቴ ለማን ላሳየው? ወረቀቱን ለሚፈልግ ብቻ ለይተው ቢያዞሩት ይሻላል።

የፕላስቲክ ቦት ጫማ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ጓንታቸው ለሴት እጅ ይሰፋል። አንድ ሰዓት ይጀመራል ይላሉ፤ አንድ ተኩል ብትደርሱ ምንም አያመልጣችሁም።