«ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» ሲሏችሁ ሳታስለኩ አትግዙ፦ ለጎንደር ባለመኪናዎች

ከጎንደር እንግዶችን ወደ ደባርቅና ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የምታመላልሱ፣ እንዲሁም ከፍታቸውን በአየር ግፊት የሚያስተካክሉ መኪኖች ያሏችሁ ወገኖች፣ ጋራዦች «ኮምፒውተር» በሚሉት የከፍታ መቆጣጠሪያ ሰበብ ከሚደረግ ሽያጭ እንድትጠነቀቁ ይህን ጽፌያለሁ።

የመኪናዬ መቆጣጠሪያ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ማስቸገር ሲጀምር፣ የወሰድኩበት ጋራዥ ባለሙያ ፊውዙን በዓይኑ ብቻ አይቶ «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» አለና ከሌላ መኪና የተፈታ ዕቃ በውድ ዋጋ ሸጠልኝ። እንደተገጠመ ሠራ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ያው ብልሽት ተመለሰ። ጋራዡ «የኤሌክትሪክ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ገንዘቤን ከለከለኝ። በኋላ ሌላ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ሲመረምረው፣ ችግሩ የኔጋቲቩ ሽቦ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰርበት ቦታ፣ ማለትም ማሳው፣ ዝጎ መላላቱ ሆኖ ተገኘ።

ብዙ ሰው የሚታለለው የተቀየረው ዕቃ ለጊዜው በመሥራቱ ነው። ሶኬቱ ተነቅሎ ሲሰካ ሽቦዎቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ የሶኬቱ ጫፎች ዝገትም በመጠኑ ይፋቃል፤ ስለዚህ የራሳችሁ አሮጌ መቆጣጠሪያ ተነቅሎ ተመልሶ ቢሰካም ያንኑ ያህል ሊሠራ ይችል ነበር።

በመሆኑም ከመግዛታችሁ በፊት በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ይለካላችሁ። ባትሪው ሞተሩ ጠፍቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሞተሩ በርቶ ዲናሞው ሲሞላው ደግሞ በአብዛኛው ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ማሳየት አለበት፤ ከዚህ በጣም ካነሰ መቆጣጠሪያውን ከመውቀስ በፊት ባትሪውንና ዲናሞውን ማየት ይገባል። ፊውዝም በዓይን ደህና መስሎ ውስጡ የተሰነጠቀ ሊሆን ስለሚችል በሁለቱም ጫፎቹ ይለካ። ዋናው ፍተሻ ግን የሚደረገው በመቆጣጠሪያው ሶኬት ላይ ነው። ሶኬቱ ተነቅሎ ሲለካ፣ ከውስጡ ተበጣጥሶ በአንድ ክር ብቻ የቀረ ሽቦ እንኳ ሙሉ 12 ቮልት ያሳያል፤ ሥራ ሲጀምር ግን ጉልበት አይኖረውም። ስለዚህ ሶኬቱ ተሰክቶ፣ ሲስተሙ እየሠራ፣ በባትሪው ኔጋቲቭና በመቆጣጠሪያው ኔጋቲቭ መካከል ያለው ልዩነት ይለካ፤ ከ0.2 ቮልት በላይ ከሆነ ጥፋቱ የመስመሩ ነው። ይህን ለመለካት ፈቃደኛ ያልሆነ ባለሙያ፣ በእኔ እምነት፣ ዕቃ እንዲሸጥላችሁ ሊፈቀድለት አይገባም።

መኪናው ሲነሳ ብቻ የመቆጣጠሪያው መብራት ለአፍታ ቢጠፋ አትደንግጡ፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ነው። ፊውዝ በተደጋጋሚ ሲቃጠል «ትልቅ እናስገባ» የሚላችሁን ግን ፈጽሞ አትስሙ፤ የ10 አምፔር ፊውዝ በ30 ከተተካ ከፊውዙ በፊት የሚቀልጠው ሽቦው ነው፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።

መቀየሩ ግድ ከሆነም በዕቃው ላይ የተጻፈው ቁጥር ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን አይታችሁ፣ የዋስትናው ጊዜ የተጻፈበት ደረሰኝ ተቀበሉ፤ የተፈታውንም ዕቃ ሳትይዙ ከጋራዡ አትውጡ፣ ደህና ከሆነ ለሚቀጥለው ደንበኛ የሚሸጠው እሱ ነውና።