ወታደሩን ከሲጋራ ለሚያላቅቁ አማካሪዎች ምስጋና፣ ለወገኖቻችን ደግሞ ጥቆማ

ምስጋናችን በአሜሪካ የጦር ሰፈር ክሊኒኮችና በስልክ መስመር ላይ ሆነው አንዱን ወታደር ለሦስተኛ፣ ለአራተኛ ጊዜ ሳይሰለቹ ለሚቀበሉ አማካሪዎች ይድረስ። በዚያው ጦር ውስጥ ያላችሁ ወገኖች ተጠቀሙባቸው።

የማይሰለቹት ሲጋራው ከምን እንደሚመጣ ስለሚያውቁ ነው። በዘብ ሌሊት እንቅልፍ ያባርራል፤ የሚያጨሰው «አንድ ልለኩስ» ብሎ ሲወጣ የማያጨሰው ሥራው ላይ ይቀራል። ጦሩ ራሱ እስከ 1975 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ከስንቅ ጋር ሲጋራ ያድል ነበር። በመሠረታዊ ሥልጠና ላይ ትምባሆ ክልክል ስለሆነ ሁሉም ለሳምንታት ሳያጨስ ይከርማል፤ ብዙው ግን ሲጨርስ መልሶ ይለኩሳል። ስለዚህ ያገረሸበትን «ደካማ» አይሉትም። ሰውየው ሲያቆም ሩጫው ሲቀለው፣ ቁስሉ ቶሎ ሲድን ማየታቸውም ያበረታቸዋል።

ከ«በቀን ስንት?» ይልቅ የሚጠቅማቸው ጥያቄ ከእንቅልፍ ተነስቶ በስንት ደቂቃ እንደሚለኩስ ነው። በ30 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ የኒኮቲን ማስቲካው ባለ 4 ሚሊግራም፣ ከዚያ ከዘገየ ባለ 2 ነው። በቀን ከ10 ሲጋራ በላይ ለሚያጨስ ቆዳ ላይ የሚለጠፈው የኒኮቲን ፕላስተር ባለ 21 ሚሊግራም ለ6 ሳምንት፣ ቀጥሎ ባለ 14 ለ2 ሳምንት፣ ከዚያ ባለ 7 ለ2 ሳምንት ይለጠፋል። «ማስቲካው አልሠራልኝም» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ተራ ማስቲካ ሲያላምጠው ነው። ቀስ ብሎ አኝኮ፣ አፍን ቆንጠጥ ሲያደርግ በጉንጭና በድድ መሐል ማቆየት ነው። ከ15 ደቂቃ ወዲህ ቡና ወይም ለስላሳ ከተጠጣ ኒኮቲኑ በደንብ አይሰርግም።

ስለ ቡና ካነሳን፣ ይህ የኛው ጉዳይ ነው። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ስታቆሙ ግን የለመዳችሁት መጠን በደም ውስጥ ይከማቻል፤ እንቅልፍ ማጣቱና መነጫነጩ የሲጋራ ሐራራ ብቻ ይመስላችኋል። አቦልን ጠጥታችሁ ቶናና በረካን ለጊዜው ዝለሉ።

ፕላስተሩን ከሱቅ ከመግዛታችሁ በፊት ማዘዣ አጽፋችሁ የጦሩን ፋርማሲ ጠይቁ፤ የሠራዊቱ የጤና መድን ትራይኬር ይሸፍናል። አብራሪዎች ቫረኒክሊን የተባለውን ሲጋራ ማቆሚያ ክኒን ከመጀመራችሁ በፊት የበረራ ሐኪማችሁን አማክሩ። የአማካሪዎቹ ስልክ ለሁሉም 1-800-784-8669፣ ከሠራዊት ለተሰናበቱ 1-855-784-8838 ነው።

ቀጠሮ ከሚያፈርሱት መካከል አጭሰው ያፈሩ አሉ። ያን ዕለት አትቅሩ፤ ምን ሰዓት፣ የት፣ ከማን ጋር እንዳጨሳችሁ ጻፉና ይዛችሁ ሂዱ፤ አማካሪው ሥራውን የሚጀምረው ከዚያች ወረቀት ነው።