እኩለ ቀን ላይ የሚወርድ ብሬከር፦ ሶላር ለምታስተክሉ ሰዎች ማስጠንቀቂያ

ድሬዳዋን በመሰሉ ሞቃት ከተሞች በቤታቸው ጣሪያ ላይ ሶላር ለማስተከል ከሻጭ ጋር እየተነጋገሩ ላሉ ሰዎች ይህን የምጽፈው፣ «ሙሉ ፓኬጅ» እየተባለ በአንድ ዋጋ ከሚሸጠው ዕቃ ሁሉ ማንም ስለማይጠይቅበት ትንሽ ዕቃ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ከልኩ ሲያልፍ በራሱ ስለሚያቋርጠው ብሬከር ለማስጠንቀቅ ነው። ገዢው ስለ ፓኔሉ ዋት፣ ስለ ባትሪው ዕድሜና ስለ ኢንቨርተሩ ብራንድ አጥብቆ ይከራከራል፤ ብሬከሩ ግን «አብሮ አለ» ተብሎ ይታለፋል። ኋላ ጣጣው የሚመጣው በእሱ በኩል ነው።

በእኛ ቤት የተተከለው ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር (የፓኔሉን ኤሌክትሪክ የቤት ዕቃ ወደሚጠቀምበት ዓይነት የሚቀይረው) ሲሆን፣ ስምንት ባለ 550 ዋት ፓኔሎች በአንድ መስመር በተከታታይ ተያይዘውለታል። ብሬከሮቹ ሁሉ ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ በሚያገኘው ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ጥቁር የብረት ሳጥን ውስጥ፣ አንዱ ከሌላው ጋር ጎን ለጎን ተጣብቀው ተደረደሩ። ጠዋት ሁሉም ነገር ደህና ይሆናል፤ ከቀኑ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን፣ ፀሐዩ ይበልጥ በሚጠቅመን ሰዓት፣ ከፓኔሉ በሚመጣውና ከኢንቨርተሩ በሚወጣው መስመር ላይ ያሉት ብሬከሮች ይወርዳሉ። ሻጩ የላከው ባለሙያ «ፀሐዩ በዝቶበት ነው፤ ከፍ ያለ እንቀይርላችሁ» አለና ለትልቁ ብሬከር ተጨማሪ ገንዘብ ተቀበለ።

ይህ መልስ ፈጽሞ ትክክል አይደለም፤ ትክክል ያልሆነበትን ምክንያት ማወቅም ከብዙ ወጪ ያድናል። ባለ 550 ዋት ፓኔል ሽቦዎቹ እርስ በርስ ቢነካኩ እንኳ የሚሰጠው 14 አምፔር ገደማ ነው፤ በሥራ ላይ እያለ ደግሞ 13 አካባቢ ይሰጣል። ፓኔሎች በተከታታይ ሲያያዙ የሚደመረው ቮልቱ ነው እንጂ አምፔሩ አይደለም። ስለዚህ በአንድ መስመር ላይ የተገጠመ ባለ 16 አምፔር ብሬከር በፀሐይ ብዛት የሚወርድበት ምክንያት የለም። እኩለ ቀን ላይ የሚወርድ ከሆነ ወይ ሳጥኑ ከመጠን በላይ ሞቋል፣ ወይ የሽቦው ብሎን ላልቶ ራሱ እየሞቀ ነው፣ ወይ ብሬከሩ ከመጀመሪያውም ለቦታው የሚሆን አይደለም። በእኛ ቤት ሦስቱም ነበሩ፤ በብሎኑ ዙሪያ ነጩ ፕላስቲክ ወደ ቡናማ ተቀይሮ ነበር።

በተለመደው ብሬከር ውስጥ ሁለት ዓይነት ብረት አንድ ላይ ተጣብቆ የተሠራ ስስ ዝርግ አለ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይጎብጣል፣ ከልኩ አልፎ ሲጎብጥ መቆለፊያውን ይለቅና ብሬከሩ ይወርዳል። ይህ ዝርግ ሙቀቱ ከኤሌክትሪኩ ይምጣ ከቆርቆሮው ለይቶ አያውቅም። ስለሆነም ብሬከሩ ላይ የታተመው ቁጥር የሚሠራው በተወሰነ የአካባቢ ሙቀት ብቻ ነው፤ ለቤት ብሬከሮች በወጣው ዓለም አቀፍ መመዘኛ፣ በአይኢሲ 60898 መሠረት ይህ ሙቀት 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ በአሜሪካው ዩኤል 489 ደግሞ 40 ዲግሪ ነው። ከዚያ በላይ ስንት አምፔር እንደሚሸከም አምራቹ በሰንጠረዥ ያወጣል። ውጭው 35 ዲግሪ በሆነበት ቀን ፀሐይ በሚመታው ዝግ የብረት ሳጥን ውስጥ 60 ዲግሪ መድረሱ የሚያስገርም አይደለም፤ በዚያ ሙቀት 25 የተባለው ብሬከር እንደየአምራቹ ቢለያይም 21 ወይም 22 አምፔር ገደማ ብቻ ይሸከማል። ጎን ለጎን ተጣብቀው አብረው የሚሠሩ ብሬከሮች እርስ በርስ ስለሚሟሟቁ ከዚህም ላይ ይቀነሳል፤ ስለ ኤሌክትሪክ ሳጥኖች የወጣው አይኢሲ 61439-2 የእያንዳንዱ ጭነት በማይታወቅበት ጊዜ ለሁለትና ለሦስት መስመሮች 0.9፣ ለአራትና ለአምስት 0.8፣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ላሉት ደግሞ 0.7 እንዲባዛ ያደርጋል።

ይህን በገንዘብ አስቡት። 5 ኪሎዋት በ220 ቮልት 22.7 አምፔር ነው። ሻጩ ከኢንቨርተሩ በሚወጣው መስመር ላይ ባለ 25 ብሬከር አስገብቶ በጋለ ሳጥን ውስጥ ከሌሎች ጋር ካጣበቀው፣ የ5 ኪሎዋት ዋጋ የከፈላችሁበት ሲስተም እኩለ ቀን ላይ ከ4.4 ኪሎዋት በላይ ረዘም ላለ ጊዜ ላይሰጣችሁ ይችላል። ለምጣድ የሚያገለግል ብሬከር እንጀራው ተጋግሮ ሲያልቅ ያርፋል፤ የሶላር ብሬከር ግን ከፍተኛውን ጭነት የሚሸከመው ለተከታታይ ሰዓታት፣ ያውም ቀኑ በሚግልበት ሰዓት ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን «ከፍ ያለ እንቀይርላችሁ» የሚለው መፍትሔ ነው፤ ምክንያቱም ብሬከሩ የተገጠመው ሽቦውን ለመጠበቅ ነውና። በእኛ ቤት ከኢንቨርተሩ የሚወጣውን ባለ 25 ብሬከር አንሥተው ባለ 40 ሲያስገቡ፣ ሽቦው ያው ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሆኖ ቀረ። ተራ የፒቪሲ ልባስ ያለው ባለ 4 የመዳብ ሽቦ በቱቦ ውስጥ ሆኖ ግድግዳ ላይ ሲዘረጋ በ30 ዲግሪ 32 አምፔር ይሸከማል፤ በ50 ዲግሪ በ0.71 ተባዝቶ ወደ 23 አምፔር ይወርዳል፤ በ60 ዲግሪ ደግሞ ግማሹ፣ ማለትም 16 ብቻ ይቀራል። ባለ 40 ብሬከር በተለመደው ሙቀት እስከ 45 አምፔር ድረስ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይወርድ እንዲቆይ ሆኖ የተሠራ ነው። ከዚህ በኋላ ብሬከሩ አይወርድም፣ ባለቤቱም ችግሩ ተፈታ ብሎ ያመሰግናል፤ የሚቃጠለው ግን ኮርኒስ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው።

ሌላም አለ። ከፓኔሉ በሚመጣው መስመር ላይ የተገጠመልን ብሬከር ፊቱ ላይ «ሲ16» እና 230/400 ቮልት ከሚለው ጽሑፍ ጎን የተጠማዘዘች ~ ምልክት ነበረው፤ ይህ ማለት የኤሲ ብሬከር ነው። በአገራችን ኤሲ አቅጣጫውን እየለዋወጠ በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮን ስለሚያልፍ ብሬከሩ ሲከፈት የሚፈጠረው ብልጭታ በቀላሉ ይጠፋል። ከፓኔል የሚመጣው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄደው ዲሲ ግን ዜሮ የሚባል ጊዜ የለውም። ስምንት ፓኔሎች ባንድነት ወደ 400 ቮልት ስለሚያወጡ፣ ለዲሲ ያልተሠራ ብሬከር በጭነት ላይ ሲወርድ ብልጭታው ሳይቋረጥ ቀጥሎ ሳጥኑን ሊያቃጥል ይችላል። ለዲሲ ተሠርተው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያላቸው ብሬከሮችም በተገላቢጦሽ ከተያያዙ ብልጭታውን አያጠፉም፤ ኤሌክትሪክ በሁለቱም አቅጣጫ በሚሄድበት የባትሪ መስመር ላይ ደግሞ ጨርሶ መግባት የለባቸውም።

አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ስለሆነች ይህ አይመለከተንም የሚሉ አሉ። ጣሪያ ላይ ያለ ሳጥን እዚያም በፀሐይ ይግላል፤ በዚያ ላይ የቤት ብሬከሮች የሚሠሩት እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ታስበው ሲሆን፣ ከተማዋ ከዚያ በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ማቀዝቀዙም ብልጭታ መከላከሉም ይቀንሳል፤ ስለዚህ የከፍታው ቅናሽም ከሰንጠረዡ መታየት አለበት።

ለሻጩ ከመክፈላችሁ በፊት የእያንዳንዱን ብሬከር ሞዴልና የአምራቹን የሙቀት ሰንጠረዥ ጠይቁ፤ ሳጥኑ ቀኑን ሙሉ ጥላ በሚያገኝ ግድግዳ ላይ እንዲሆንና በብሬከሮቹ መካከል ክፍተት እንዲተው በውሉ ላይ ይጻፍ። የመጨረሻውን ክፍያ ደግሞ ሲስተሙ በጠራራ ፀሐይ፣ ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ለጥቂት ሰዓታት እስኪሞከር ድረስ ያዙ፤ ሻጮች ማስረከብ የሚወዱት በማለዳ ነው። ብሬከር እየወረደ ያለበት ቤት ሳጥኑን ራሱ አይክፈት፤ ፓኔሉ ፀሐይ እስካለ ድረስ አይጠፋም።

በእኛ ቤት በኋላ የመጣ ሌላ ኤሌክትሪሺያን ሳጥኑን ወደ በረንዳው ጥላ አዛወረ፤ ለፓኔሉ መስመር ትክክለኛ የዲሲ ብሬከር አስገባ፤ ከኢንቨርተሩ የሚወጣውን ሽቦ ባለ 6 አድርጎ በላዩ ላይ ባለ 32 ብሬከር ገጠመ፤ ብሎኖቹንም አምራቹ በሚያዘው ልክ አጠበቀ። ከዚያ ወዲህ አልወረደም። ለመጀመሪያው ሻጭ የከፈልነው ተጨማሪ ገንዘብ ግን አልተመለሰም፤ ደረሰኙ «መለዋወጫ ዕቃ» ብቻ ስለሚል ምን እንደተሸጠልን ማስረዳት አልቻልንም። እናንተ ደረሰኝ ስትቀበሉ የብሬከሩ ሞዴል፣ አምፔሩ፣ ቮልቱና ኤሲ ወይም ዲሲ መሆኑ ተለይቶ መጻፉን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ።