ናይትረስ ልገጥም ተነስቼ ስካነር ገዛሁ፦ የ8 ወር ልምዴ

መጀመሪያ ያሰብኩት ናይትረስ፣ ማለትም የሞተር ጉልበት የሚጨምረውን ጋዝ፣ ለመግጠም ነበር። መኪናዬ የ2004 ሞዴል ኮሮላ ናት። አውሮፓ የነበረች፣ ማኑዋል፣ 1.6 ሞተር፣ ወረቀቱ ላይ 110 የፈረስ ጉልበት። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ደህና ትሮጣለች። ወደ ደሴ የሚወጣውን የሐረጎን ዳገት ስትያያዘው ግን መጀመሪያ ሦስተኛ ማርሽ ትለምናለች፣ ትንሽ ቆይታ ሁለተኛ። ከፊቴ የተጫነ ሲኖትራክ ካለ ደርቦ ማለፉን እርሱት።

አንድ ሰሞን ማታ ማታ የናይትረስ ቪዲዮ ሳይ ከረምኩ። ናይትረስ ኦክሳይድ ሐኪም ቤት ለማደንዘዣ የሚያገለግለው ያው ጋዝ ነው። ራሱ ነዳጅ አይደለም። ሲሊንደር ውስጥ በሙቀት ይፈርስና ኦክስጅኑን ይለቃል። በክብደት 36 በመቶው ኦክስጅን ነው፤ አየር ግን 23 በመቶ ገደማ ብቻ ነው ያለው። ኦክስጅን ሲጨመር ተጨማሪ ቤንዚን ማቃጠል ይቻላል። ጉልበቱ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ደሴ ለሚኖር ሰው ደግሞ ነገሩ የባሰ ያጓጓል። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ባሕር ጠለል ላይ 101 ኪሎፓስካል የሆነው የአየር ግፊት እዚህ 75 አካባቢ ይወርዳል። ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ ዕቃ) የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል ማለት ነው። ከኔ 110 ፈረስ 27ቱ ገና ሳልነሳ ቀርተዋል። እና 30 ፈረስ የምትጨምር ትንሽ የናይትረስ ጠርሙስ ብገጥምላት የውድድር መኪና አትሆንም። ጅቡቲ ወደብ ላይ እንደቆመች ነው የምትሆነው። ይህን ስሌት ሶፍት ላይ ጽፌ ለመካኒኬ አሳየሁት። ሽማግሌ ነው፤ መነጽሩን አውጥቶ አነበበው። “ልጄ፣ መጀመሪያ ያለህን ፈረስ ቁጠር” አለኝ።

በወጉ የሚቆጠረው ዳይኖ ላይ ነው። መኪናዋ ሮለር ላይ ወጥታ ትታሰራለች፣ ጎማው ሮለሩን ያሽከረክራል፣ የመጠምዘዝ ኃይሉ ከሞተሩ ዙር ጋር ተሰልቶ ጉልበቱ ይታወቃል። ለናይትረስ ደግሞ ዳይኖ ቅንጦት አይደለም። ቤንዚኑ ለገባው ኦክስጅን ካነሰ ፒስተን ይቀልጣል። ለየ50 ፈረሱ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ 2 ዲግሪ ያህል ማዘግየት የተለመደ ነው። ይህ ሁሉ በጆሮ አይሠራም። ደሴም ኮምቦልቻም ጠያይቄ ዳይኖ አላገኘሁም። ስለዚህ ጥር ላይ በ1,800 ብር የኦቢዲ ስካነር፣ የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነብ ዕቃ፣ ገዛሁ።

ዕቃው ኢኤልኤም 327 የሚባለው፣ የክብሪት ሳጥን የሚያክል ነው። መሪው ስር ካለው ሶኬት ይሰካል፣ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ይገናኛል። ካርቶኑ ላይ “ቨርዥን 1.5” ይላል። የቺፑ ዋናው አምራች 1.5 የሚባል ቨርዥን አውጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ፎርጂድ መሆኑን በግልጽ ተናግሮ ነው የመጣው። ቢሆንም ሠርቷል። አንድሮይድ ላይ ቶርክ በሚባለው አፕ ወዲያው ተገናኘ። የጓደኛዬ አይፎን ግን እስከ ዛሬ አላየውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መኪናዋ የቼክ ኢንጂን መብራት ካበራች ቆይታ ነበር። አንድ ጋራዥ ሳይመረምር “ኦክስጅን ሴንሰር ሞቷል፣ ይቀየር” ብሎኝ ነበር። ስካነሩ ያወጣው ኮድ ፒ0171 ሆነ፤ ለአየሩ የሚመጥን ቤንዚን አልገባም ማለት ነው። ኮምፒውተሩ በራሱ 19 በመቶ ቤንዚን እየጨመረ ሊያካክስ ይሞክራል። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ በሁለተኛ ማርሽ እስከ 5,000 ዙር ረገጥኳት። የአየር መለኪያ ሴንሰሩ በሰከንድ 47 ግራም አነበበ። ለዚህ ሞተር በ1,850 ሜትር ላይ እኔ ያሰላሁት 57 ነበር።

የአየር ፊልትሮውን ከፈትነው። መሬት ላይ ሲመታው የወጣው አቧራ ጀበና ይሞላል። የሴንሰሩ ሽቦም ጥቁር ለብሷል። በራሱ ማጽጃ ስፕሬይ ነፋነው፤ ሽቦው በጣት አይነካም፣ በጨርቅ አይጠረግም። አዲስ ፊልትሮ ገባ። ኮምቦልቻ ላይ 56፣ ደሴ ላይ 52 አነበበች። ማካካሻው ወደ 4 በመቶ ወረደ። መብራቱ እስካሁን አልተመለሰም።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ቤንዚን ባነሰው ሞተር ላይ ናይትረስ ልጨምር ነበር እኮ! ያውም ያለ ዳይኖ።

የአፑን የፈረስ ጉልበት ቆጣሪ ግን አትመኑት። የመኪናዋን ክብደትና ፍጥነቷ የሚጨምርበትን ሁኔታ ይዞ ነው የሚያሰላው፤ መንገዱ ሁሉ ሜዳ ይመስለዋል። ሜዳ ላይ 64 ፈረስ አለኝ። ሐረጎን ስወጣ 43። ስወርድ 85! ናይትረስ ያለ ጠርሙስ። ዳይኖ ለምን ሮለር እንዳስፈለገው በደንብ የገባኝ ያኔ ነው።

ሌላም ጉድለት አለው። መኪናዬ የምትጠቀመው የድሮውን የመረጃ መስመር ስለሆነ አራት አምስት ነገር ባንዴ ላንብብ ሲል ይንቀረፈፋል። ኤቢኤስና ኤርባግ አያነብም። አንዳንዴ ሐረጎ መሀል ላይ ብሉቱዙ ይቋረጣል። ፍሪሲዮን ስረግጥ ደግሞ ግራ ጉልበቴ ይነካዋል።

ከሁሉ የከፋው ሞተሩ ጠፍቶም መብራት መጠጣቱ ነው። ሰኔ ላይ ሳልነቅለው በአውቶቡስ አዲስ አበባ ሄድኩ። በ9ኛው ቀን ስመለስ መኪናዋ ጭጭ። ባትሪዬም እርጅና ነበረበት፣ አልዋሽም። ደግነቱ ደሴ ቁልቁለት አይጠፋም። የሰፈር ልጆች አንድ ጊዜ ገፋ አደረጓትና ወደ ፒያሳ እየወረደች ተነሳች። ከዚያ ወዲህ ስቆም እነቅለዋለሁ።

እና ለናይትረስ ማስተካከያ ይበቃል? አይበቃም። የኔ መኪና ኦሪጅናል ኦክስጅን ሴንሰር ቤንዚኑ በዛ ወይ አነሰ ብቻ ነው የሚለው፤ በስንት እንደሆነ አይናገርም። ለዚያ ዋይድባንድ የሚባለው ሌላ መለኪያ ያስፈልጋል። ለታመመ ሞተር ምርመራ ግን 1,800 ብሩን ከመለሰ ቆይቷል። ጋራዡ ቀይር ብሎኝ ሳልቀይረው የቀረሁት የኦክስጅን ሴንሰር ዋጋ ብቻ ይበልጠዋል።

ሐረጎ አሁንም ሐረጎ ነው። ሦስተኛ ማርሽ ግን ከበፊቱ ራቅ ብሎ ይወስደኛል፣ ከሲኖትራኩ ኋላም ታግሼ መሄድ ለምጃለሁ። ለናይትረሱ ብዬ አስቀድሜ የገዛኋቸው አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ (ሙቀት ቶሎ የሚያስወግዱ) ካንዴላዎች፣ 4 ፍሬ፣ ካርቶናቸው ሳይከፈት መሳቢያዬ ውስጥ አሉ። የሚፈልግ ካለ በገዛሁበት እሸጣለሁ።