ታይ ኮብ ወይስ ትሪስ ስፒከር?

የድሮውን የአሜሪካ ቤዝቦል የሚወዱ ሰዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። የዲትሮይቱ ታይ ኮብ ይሻላል ወይስ በቦስተንና በክሊቭላንድ የነገሠው ትሪስ ስፒከር?

በምት፦ ኮብ ይበልጣል። ከ1000 ሙከራ 366 ያህሉ ይሳካለት ነበር፤ ለስፒከር 345። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ1916 ስፒከር የምት ንግሥናውን ከኮብ ነጥቋል።

በሩጫ፦ ኮብ። ወደ 900 ቤዝ (ሯጭ የሚረግጠው ማረፊያ) ሰርቋል፣ ማለትም ኳሷ ሳትመታ ሮጦ ይዟል፤ ክርክር የለውም።

በመከላከል፦ እዚህ ስፒከር ሌላ ሰው ነው። ያኔ ኳሷ ብዙም ርቃ አትሄድም ነበር። እሱም ከኋላ ርቆ የሚቆም የመሃል ሜዳ ተጫዋች ሆኖ ሳለ ሁለተኛው ቤዝ አጠገብ ተጠግቶ ይቆማል። ዝቅ ብላ የመጣችውን ኳስ ሮጦ ይቀልባል፤ ከቤዙ ርቆ የነበረው ሯጭ ሳይመለስ ራሱ ሄዶ ቤዙን ይረግጣል። መቺውና ሯጩ፣ ሁለት ሰው በአንዴ ከዙሩ ወጣ! እኔ በጣም የምወደው ይህንን ችሎታውን ነው።

በዋንጫ፦ ስፒከር 3 (1912፣ 1915፣ 1920)። የመጨረሻውን አሠልጣኝም ተጫዋችም ሆኖ ነው ያነሳው። ኮብ ከ1907 እስከ 1909 በተከታታይ ለፍጻሜ ደርሶ ሦስቱንም ተሸነፈ። ያሳዝናል።

ቡድናችሁ ነጥብ ማስቆጠር ካቃተው ኮብን ውሰዱ። ወርዋሪዎቻችሁ ብዙ የሚመታባቸው ከሆነ ግን ስፒከር ያድናችኋል።