ዩቲዩብ ወይስ ቴሌግራም? ዳንቴል በኦንላይን ለምታስተምሩ

አራት ኪሎ ካለችው ትንሽ ክፍሌ ሆኜ ዳንቴል አስተምራለሁ። ለረጅም ጊዜ መንገዴ አንድ ብቻ ነበር፤ ዩቲዩብ ላይ በነፃ ቪዲዮ መልቀቅ። ዘንድሮ ቴሌግራም ላይ በክፍያ የሚገባበት ቻናልና ግሩፕ ከፈትኩ። ለውጡ በጣም አስፈርቶኝ ነበር።

ዩቲዩብ ሰው ያመጣል። የማላውቃት እናት "የሕፃን ኮፍያ አሠራር" ብላ ስትፈልግ ታገኘኛለች። ቪዲዮው ከዓመት በኋላም ይታያል። ገንዘቡ ግን ሩቅ ነው። ከረጅም ቪዲዮ የማስታወቂያ ገቢ ለመጋራት 1,000 ተመዝጋቢ እና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት ያስፈልጋል።

ቴሌግራም በራሱ ሰው አያመጣም። የሚገቡት ግን የምር ተማሪዎች ናቸው። በቴሌብር ይከፍላሉ፣ የሠሩትን ፎቶ አንስተው ይልካሉ። አንዷን ሥራው እየተኮማተረ አስቸገራት። ፎቶውን አይቼ "ክሩን አጥብቀሽዋል፤ እጅሽን ላላ አድርጊ፣ ወፈር ያለ ኪሮሽ ሞክሪ" አልኳት። በማግስቱ የተስተካከለውን ላከችልኝ፤ ደስታዋ ከድምፅ መልእክቷ ይሰማ ነበር። በስንት ዓመት የዩቲዩብ ሥራ እንዲህ ዓይነት ቀን አላየሁም።

ቪዲዮ መሰረቅም ያሳስባል። ቴሌግራም ወደ ሌላ ማስተላለፍንና ማስቀመጥን የሚከለክል ቅንብር አለው። በሌላ ስልክ መቅረጽን ግን አያስቆምም።

ገና ለምትጀምር እህቴ ዩቲዩብን እመርጥላታለሁ። ጥያቄ የሚጠይቋት ተከታዮች ካሏት ግን ቴሌግራሙን ዛሬውኑ ትክፈት። እኔ ዩቲዩቡን አልዘጋሁም። አጀማመሩን እዚያ አሳያለሁ፤ አጨራረሱን ለተማሪዎቼ።