ቤት ውስጥ የተገጣጠመ የጠላቂ ሰዓት፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ ምን ጸና፣ ምን ላላ?

የሮሌክስ ሰብማሪነርን መልክ ተከትሎ ከተናጠል ክፍሎች የተገጣጠመ፣ ለወራት ከእጅ ሳይወልቅ የቆየ ሰዓት ነው። ውስጡ የሴይኮ ኤንኤች35 ማሽን፣ ውጩ 40 ሚሊ ሜትር የማይዝግ ብረት ቀፎ፣ ሳፋየር መስታወትና በመስታወቱ ዙሪያ የሚዞር የሴራሚክ ቀለበት። 28.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ገጽ ላይ የማንም ድርጅት ስም አልተጻፈም፤ መጻፍም የለበትም። ንድፍ ወድዶ መሥራትና የሰው ስም መለጠፍ ለየቅል ናቸው፤ ሁለተኛው ማጭበርበር ነው።

ከሁሉም ያላስቸገረው ማሽኑ ነው። 24 የሩቢ ድንጋዮች አሉት፣ በሰዓት 21,600 ጊዜ ይመታል፣ ሙሉ ሲሞላ 41 ሰዓት ያህል ይሄዳል። ፋብሪካው በቀን ከ20 ሰከንድ መዘግየት እስከ 40 ሰከንድ መፍጠን ይፈቅዳል፤ በመለኪያ መሣሪያ ላይ የማንሻውን ማዕዘን (ለዚህ ማሽን በመሣሪያው ላይ የሚሞላውን ልክ) 53 ዲግሪ አድርገው በትንሿ ማስተካከያ ቀስ ብለው ካረሙት ግን ከ10 ሰከንድ በታች ይወርዳል። የዛሬው ሰብማሪነር ማሽን ስሕተት በቀን ከ2 ሰከንድ አያልፍም፣ ሙሉ ሲሞላም 70 ሰዓት ይሄዳል። ልዩነቱ በየቀኑ አይሰማም፤ ዓርብ ማታ ያወለቁት ሰዓት እሑድ ቆሞ ሲገኝ ግን ይሰማል። ሰዓቱ በድንገት በቀን ደቂቃዎች መፍጠን ከጀመረ ማስተካከያውን አይንኩ። አብዛኛውን ጊዜ ቀጭኗ ሞላ በማግኔት ተነክታ ዙሮቿ ተጣብቀዋል፤ ማግኔት ማጥፊያ በአፍታ ይፈታዋል።

የሰዓቱን ዕድሜ የሚወስኑት ሁለት የእጅ ሥራዎች ናቸው። አንደኛው አመልካቾቹን መትከል ነው። ቀዳዳዎቻቸው የሰዓቱ 1.5፣ የደቂቃው 0.9፣ የሰከንዱ 0.2 ሚሊ ሜትር ናቸው። መጀመሪያ መሙያውን (በሰዓቱ ጎን ያለውን የሚዞር ቁልፍ) እያዞሩ የቀኑ ቁጥር ዘሎ የሚቀየርበትን ነጥብ ያግኙ፤ የሰዓቱንም የደቂቃውንም አመልካች እዚያው 12 ላይ ይትከሉ። ያለዚያ ቀኑ ያለጊዜው ይቀየራል። ከዚያ በጎን በማጉያ መነጽር አይተው አንዱ ሌላውን እንደማይነካ ያረጋግጡ። የሰከንዱ አመልካች ቱቦ እጅግ ስስ ነው። አጋድሎ መጫን ዘንጉን ያጣምማል፤ ደጋግሞ መንቀልና መትከል ቱቦውን ያሰፋዋል። የሰፋው ቱቦ ለጊዜው ይዞ ይቆይና ከወራት በኋላ በአንድ ግጭት ይወድቃል። መፍትሔው አዲስ አመልካች ነው። በሙጫ ማጣበቅ አይሆንም፤ ሙጫው ወደ ማሽኑ ይወርዳል።

ሁለተኛው የመሙያውን ዘንግ መቁረጥ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈውም እዚህ ላይ ነው። ያልተቆረጠውን ዘንግ ከመሙያው ጋር አስገብተው በመሙያውና በቀፎው መካከል የቀረውን ክፍተት ይለኩ። ከልኬቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር አትርፈው ይቁረጡ፤ ትርፉን በጥሩ ሞረድ 0.1 ሚሊ ሜትር እየቀነሱ ይሞክሩ። ዘንጉ ከረዘመ መሙያው እስከ መጨረሻው አይጠብቅም፤ ውኃ ይገባል፣ የመሙያው ጥርስም ይበላል። ካጠረ ሰዓት ሲያስተካክሉ ይንሸራተታል፤ ያጠረ ዘንግ ደግሞ በአዲስ ቢተካ ይሻላል። ዘንጉ መሙያው ውስጥ የሚጠመዘዝበት ጥርስ ላይ ጠብታ የብሎን ማጥበቂያ ፈሳሽ ካልነካ፣ መሙያውን ወደ ኋላ ሲያዞሩ አንድ ቀን ከዘንጉ ተፈትቶ እጅዎ ላይ ይቀራል።

ቀን ማስተካከል የሚቻለው ቁጥሩ ከሚቀየርበት ነጥብ በፊት 3፣ ከኋላው 4 ሰዓት ያህል ርቀው ነው። በዚያ መሃል የቀን መቀየሪያው ጥርሶች ተያይዘው ስለሚቆዩ መግፋት ሊሰብራቸው ይችላል።

ሳፋየሩ ጭረት የለበትም። የቀፎው ጎንና የማሰሪያው መቆለፊያ ግን ተጭረዋል። ቀለበቱም ሲነኩት ትንሽ ይወዛወዛል፤ ከውዱ ሰዓት ጋር ያለው ትክክለኛ ርቀት እዚህ ይታያል። ሮተሩ (እጅ ሲንቀሳቀስ እየዞረ ሰዓቱን የሚሞላው ክብደት) ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ይሰማል። ድምፁ በድንገት ከጨመረ የመሃል ብሎኑ ላልቶ ሊሆን ስለሚችል ጀርባውን ከፍቶ ማየት ነው።

ቀፎው ላይ 200 ሜትር ተብሎ መቀረጹ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የጎማ ቀለበቶቹ ስስ የሲሊኮን ቅባት ተቀብተው፣ የተዘጋው ሰዓት በአየር ግፊት መሣሪያ እስኪፈተሽ ድረስ ከእጅ መታጠቢያ ውኃ አያሳልፉት። ጀርባው በተከፈተ ቁጥር ፈተናው ይደገማል።